የሹፌር ጉርሻ

ሦስቱ ተማሪዎች ከሚማሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በመኪና ተነሥተው ውቅያኖስ ዳር ወዳለች ከተማ ለሂፒዎች ፌስቲቫል ሲሄዱ፣ ዮሐና ከፊት ተቀምጣ የሚነዳውን ምናሴን ፍርፍር ታጎርሰው ነበር። «እጁ ተይዟል፤ ምን ያድርግ?» አለች። ኪራኮስ ከኋላ ሆኖ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ሸኘ። አንድ ረጅም ድልድይ እንደተሻገሩ ምናሴን፣ «ደክሞሃል፣ እኔ ልንዳ» አለው።

ምናሴ መሪውን ለቆለት ከኋላ ገባ። ዮሐናም የፍርፍሩን ሳህን ይዛ ተከተለችው።

«አሁን እኮ እጄ ተይዟል» አለ ኪራኮስ ጥቂት እንደነዳ።

«አፍህን ክፈታ» አለችው።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ከፈተ። በትከሻው በኩል የመጣው የምናሴ እጅ ነበር።

«ሁለተኛዋንም ያዝ፣ ወንድሜ» አለ ምናሴ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ኪራኮስ ሁለተኛዋንም ጎረሰ። ወደ ኋላ ማሳያው መስታወት ቀና ብሎ ሲያይ፣ ዮሐና የምናሴን ጣቶች አንድ በአንድ በሶፍት ትጠርግለት ነበር።