የኪነሬት ዳር ጉርሻ

ሸጌ የመኪናውን መቀመጫ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና በዳርቻው ተቀመጠች። ስፖንጁ የሰው ላብና የሻገተ ውሃ ይሸታል። ሐብቴ ልጇን በዕድሜ የሚበልጠውን ይህን ቮልስዋገን ገደራ ከተማ ካለ አንድ ብረት ሰብሳቢ ገዝቶ፣ ከሚሠራበት የቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ሲወጣ እየጠጋገነ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶለታል። ቤት ነው ይላል። ለእሷ ግን ጎማ ያለው ጉረኖ ነው።

ደጁም አያስቀምጥም። ካምናው ጦርነት ወዲህ አገሩ ሁሉ ኪነሬት ሐይቅ የወረደ ይመስላል፤ የሐብሐብ ልጣጭና የሕፃን ዳይፐር ማዕበሉ እየገፋ እግራቸው ሥር ያመጣዋል።

የመጣችው ለያኒቭ ስትል ነው። ልጇ የሐብቴን ልጅ ሮተምን ካላገባሁ ብሏል። እሷ ደግሞ የሐብቴን ዘር ታውቃለች፤ አያቶቹ ጎንደር ላይ ክርስትና ተነሥተው ማተብ ያሰሩ፣ እሱም ገና ትናንት ወደ ይሁዲ ሃይማኖት የተመለሰ። የእሷ ወገን ከእነሱ ጋር ማዕድ አይነካም ነበር። ያኒቭ ግን፣ ኢማ፣ እናቴ፣ አብረሽን ነይና ከማዕዳቸው ብይ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም ብሎ ከቤቷ ከቂርያት ማላኪ ይዟት መጣ። ከበላች ሠርጉን ፈቀደች ማለት ነው።

በላችም። ሐብቴ ጎህ ሲቀድ ያጠመደውን ዓሣ ገፍፎ፣ ከትፎ፣ በበርበሬና በሽንኩርት አቁላልቶ አቀረበው። ሁለቴ ጎረሰች። ጣፋጭ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

እጇን ልትታጠብ ከመኪናው ኋላ ስትዞር ሳፋው ውስጥ ጭንቅላቱን አየችው። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ልሙጥ፤ ጢሙ እንደ ትል ከአፉ ተንጠልጥሏል። ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሯል።

አምባዛ።

ደምቢያ ሳሉ አባቷ አምባዛ የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ካልታጠበ ደጃቸውን አያስረግጡትም ነበር። ጣቷን ጉሮሮዋ ድረስ ሰደደች፤ አልወጣላትም። ከንፈሯን በአሸዋ ፈተገች።

ስትመለስ ሐብቴ ጉርሻ ጠቅልሎ ቆሞ ይጠብቃታል። ዘይቱ በክንዱ ይወርዳል።

“ወይዘሮ ሸጌ፣ አፈር ስሆን። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እኛማ ልንዛመድ ነው።”

“ይህ አምባዛ ነው” አለች።

“ታዲያስ” ብሎ ሳቀ። “ጎርጎራ ያሳደገኝ እሱ አይደል? እዚህማ ያጠምዱትና መልሰው ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ሳይ አንጀቴ ነው የሚያርረው።”

ሮተም የያዘችውን እንጀራ ቀስ ብላ አስቀመጠች። “አባ” አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ቅርፊት የሌለው ዓሣ ካሸር አይደለም። ለእኛ አይፈቀድም።”

የሐብቴ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እጁን ከነጉርሻው የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሸጌን አየ።

ሸጌ ግን የምታየው ከሮተም ጎን ሲበላ የነበረውን ያኒቭን ነው። አሁን ይተፋዋል፤ አሁን ተነሥቶ፣ ኢማ እንሂድ ይላል። ጉንጩ እንደሞላ ማላመጡን አቁሟል። በሕፃንነቱ አፈር ሲቅም ታደርግለት እንደነበረው መዳፏን ከአገጩ ሥር ዘረጋችለት።

“ትፋው” አለችው።

ያኒቭ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ሁለቴ አላመጠ። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። መዳፏ ባዶውን ተዘርግቶ ቀረ።