ስም የሌለው ምክር

«ቆይ፣ አትዝጊው» ትላለች ሙህሲና። ጀነት የሙህሲናን ስልክ መልሳ ምንጣፉ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔ ግማሽ ሹሩባዬ ተሠርቶ፣ ግማሹ በጀነት እጅ ተይዞ፣ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ድምፅ አዳምጣለሁ።

«እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ብቻሽን አትታገዪ» ይላል ስልኩ። «አብረሽው ለምትኖሪው ሰው ሳትደብቂ ንገሪ። የተነገረ ጭንቀት ግማሹ ይቀላል።»

ድምፁ የእኔ መሆኑን የምናውቀው እኔና ጀነት ብቻ ነን፤ ሙህሲናን ገና ዛሬ ማየቴ ነው፣ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። በር ዘግቼ ከታካሚ ጋር ስነጋገር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሕዝብ ፊት መናገር ሲመጣ ግን አፌ ይተሳሰራል። ጀነት እዚሁ ቱቅባ ሰፈር፣ እዚችው ክፍሏ ውስጥ ጸጉሬን እየሠራች «ለሀገርሽ ልጆች አንድ ነገር ብትይ ምናለ?» እያለች ነዘነዘችኝ። እኔም ይህን ምክር ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት፣ ያለ ስም፣ ያለ ፎቶ። የሆስፒታሉን ደንብ ሰበብ አደረግኩ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። አንዱ ተነሥቶ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ስድስት ጊዜ ቀድቼ ስድስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ሰባተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁ። ሰው ሲቀባበለው፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ደስታው ሁለት ቀን አልቆየም። የሰሚው ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቴሌግራሙን መክፈት እፈራ ጀመር።

«ለዚህ ያበቃችኝ እሷ ናት» ትላለች ሙህሲና።

የጀነት ማበጠሪያ ይቆማል። «የቷ?»

«ይቺ የምታወራዋ። ሦስት ወር እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ለማንም አልተነፈስሁም ነበር። ይኼን ስሰማ፣ ወላሂ፣ ለእኔ ብላ የተናገረች መሰለኝ። ጧት ማዳምን ብቻዋን አገኘኋትና ‹ማዳም፣ ሌሊት አልተኛም፣ ልቤ ይመታል፣ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል› አልኋት።»

«እሺ?»

«እሺማ፣ ልጁን ከእቅፌ ወሰደችው።»

አትጮህም፣ አታለቅስም። ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ፣ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስል ትነግረናለች። የዚያኑ ዕለት የልጆቹ ክፍል ተቆለፈ። ቢላዎቹ ከወጥ ቤት መሳቢያ ጠፉ። በስሙ ያስመጣት ካፊሉ በሳምንቱ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመታላት፤ ኸላስ፣ ሥራው አበቃ፣ ወደ ሀገር። አሠሪዋ ማዳም ቤቷ ውስጥ ልታያት ስላልፈለገች እስከ በረራዋ ድረስ እዚህ፣ የምታውቃት ጀነት ዘንድ አምጥተው ጣሏት። ነገ ቅዳሜ ካፊሉ መጥቶ ደማም ኤርፖርት ያደርሳታል። ከተወለደ ጀምሮ ያሳደገችውን ልጅ ስማ እንኳ አልተሰናበተችውም።

እኔ ምን ነክቶኝ ነው? «አብረሽው ለምትኖሪው ሰው» ስል የታየኝ ባል ነበር፣ እህት ነበረች፣ የክፍል ጓደኛ ነበረች። ሆስፒታል የሚመጡት ታካሚዎቼ የሚኖሩት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው። ሙህሲና አብራት የምትኖረው ማዳም መሆኗ በአእምሮዬ ሽው አላለም። ወይ መማር!

«ታዲያ አልተናደድሽባትም?» ትላታለች ጀነት፣ በመስታወቱ እኔን እያየች።

«ምን ታድርግ ብለሽ? ክፉ ሰው እንዳልሆነች ድምጿ ያስታውቃል። ማዳም የላትማ፣ ከየት ታውቀው?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነገ ትሄዳለች፣ እኔም እሑድ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ይህን ማሰቤ ራሱ ያስጠላኛል።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ሙህሲና። ተሳስቻለሁ። ያንቺን ኑሮ አላሰብኩትም።»

«ሰሎሜ!» ብላ ጀነት ጸጉሬን ትለቀዋለች።

ሙህሲና ስልኩን ከምንጣፉ ታነሣለች። አለቀልኝ፤ ስሜን ለጓደኞቿ ሁሉ ትልካለች፣ ወሬው ሆስፒታል ይደርሳል፣ ስፈራው የኖርኩት መጣ። እሷ ግን ቁጥር ትደውልና ስልኩን ወደ እኔ ትዘረጋዋለች።

«እማየ መባረሬን አታውቅም» ትላለች። «ስንቴ ልነግራት ብዬ ምላሴ እምቢ አለኝ። ልጄ አበደች ብላ ትሞትብኛለች። አንቺ ነገር አሳምረሽ መናገር ታውቂያለሽ፣ አንቺ ንገሪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?» በነገር አይደለም የምትለኝ፣ ከልቧ ነው።

ስልኩ ወሎ፣ ሐይቅ ድረስ ይጠራል። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ይነሣል፤ የልጆች ጫጫታ፣ የሚዘጋ በር፣ የሚያለከልክ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ሀሎ? ሙህሲናየ? ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

ሙህሲና ዓይኗን ከአፌ ላይ አትነቅልም።