በያጁና ትልቁ ማግኔት

"ሙሉ ልብስዎን አውልቀው ይህችን ይልበሱ። የምትታሰረው ከኋላ ነው" ትለኛለች ባለሙያዋ፣ የተጣጠፈ ሰማያዊ ልብስ እጄ ላይ እያስቀመጠች።

"እኔ አይደለሁም እህቴ። ታማሚው እሱ ነው።"

ዞር ብላ ታየዋለች። ጋሼ ብልጭታ እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሮ፣ ክንዱን ባዶው ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ያችን እግር እዚያ ላይ የሰቀላት በሁለት እጁ አንስቶ ነው፤ ይህን እሷ አላየችም። ከታክሲ አውርጄ፣ ብብቱ ሥር ገብቼ ደረጃውን ያወጣሁት እኔ ደግሞ ላቤ ጠብ ጠብ እያለ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። ማንም ቢሆን እኔን ነው የሚያስተኛው።

"ግድ የለም፣ እሱንም እዩት" ይላል ጋሼ ብልጭታ። "ብቻ ከጭንቅላቱ ጀምሩ።"

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው ይዤ የመጣሁት። እግሮቹ መደንዘዝ ከጀመሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሐኪሙ የጀርባው አጥንት ውስጥ ያለውን ሳያይ ቢላ እንደማያነሳ፣ ከዘገየም እግሮቹ ጭራሽ እምቢ ሊሉ እንደሚችሉ ነግሮናል። ለዚህ ኤምአርአይ ለሚሉት ምስል ወረፋ የጠበቅነው ሁለት ወር ነው።

ባለሙያዋ ቅጿን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ከበሩ ጀርባ ማሽኑ ኳ ኳ ኳ ይላል።

"ብሎኑ ላልቷል" ይላል ጋሼ ብልጭታ።

"ድምፁ እንደዛ ነው አባቴ። ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ?"

"የለም።"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ነጋዴ።"

ምራቄ ትን ይለኛል። የሰፈራችንን በርና መስኮት ሠላሳ ዓመት የበየደ ሰው! ብልጭታ ያልነውስ ለምን ሆነና? መነጽር አድርግ ሲሉት "እኔ ጋዜጣ አላነብ" የሚል ሰው።

"ዓይንዎ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ያውቃል?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"እሺ። ኪስዎ ውስጥ ያለውን እዚህ ያራግፉልኝ።"

ሦስት ብሎን። ሁለት ምስማር። አንድ ማጠፊያ። የተቃጠለ የመበየጃ ኤሌክትሮድ ቁራጭ። ባለሙያዋ ሳህኑን ታያለች፣ ቀና ብላ እሱን ታያለች።

"ምንድን ነው የሚነግዱት?"

"ልዩ ልዩ።"

ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ስትወጣ ጆሮው ሥር እገባለሁ። "አንተ ሰው፣ አብደሃል? ባለፈው ዓመት ዓይንህ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሳምንት ሙሉ በሻሽ አስረህ አልነበር? ለምንድን ነው የምትዋሻት?"

"ቀስ በል፣ ትሰማለች።" በሩን አየት ያደርጋል። "ስማ። ይሄ ማሽን ማግኔት ነው፤ ያውም ትልቅ። እኔ ስንቱን ፍንጣሪ በስፒከር ማግኔት አውጥቻለሁ! አንዷ ብቻ እምቢ ብላ ግራ ዓይኔ ጥግ ላይ ቀርታለች። ዛሬ እነሱ ጀርባዬን ያዩልኛል፣ ማግኔቱ እሷን ይስብልኛል። አንድ መንገድ፣ ሁለት ጉዳይ።"

"ታዲያ ለምን አትነግራትም?"

"ለዓይን ሌላ ቀጠሮ አምጣ ትለኛለቻ! ሌላ ሁለት ወር!"

ፈጣሪ ያሳያችሁ። በዚህ ስሌት እኮ ቤት ተሠርቷል፤ የኔ ቤት በር ራሱ በዚህ ስሌት ነው የተሠራው፣ እስከ ዛሬ በትከሻ ነው የሚዘጋው።

ወንበሩ እየተንቋቋ ይመጣል። ጋሼ ብልጭታ ክንዴን ጨብጦ "ትንፍሽ እንዳትል" ይለኛል። እነዚያን እግሮች አያቸዋለሁ፤ አንደኛው ጫማ ሳያውቀው ወልቆ ወድቋል።

"እህቴ" እላለሁ፣ "በያጅ ነው። ሠላሳ ዓመት። ዓይኑ ውስጥም አለ።"

ወንበሩ ቀጥ ይላል። ጋሼ ብልጭታ ክንዴን ይለቃል።

"ሳብ አድርጎ ያወጣልኛል ብዬ ነው" ይላታል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በየት በኩል?"

ጋሼ ብልጭታ በጣቱ የግራ ዓይኑን ጥግ ይነካል።

"ማግኔቱ በር አይመርጥም አባቴ። ፍንጣሪዋን እዚያው ውስጥ ነው የሚያዞራት። ሲገቡ የሚያይ ዓይን፣ ሲወጡ ላያይ ይችላል።" ቅጹን ታጥፈዋለች። "መጀመሪያ የዓይን ራጅ ይነሳሉ።"

ራጁ ተነስቶ ውጤቱን ስንጠብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የተቀመጠው።

"ሁለት ወር የጠበቅኩትን በአንድ ቃል አስበላኸኝ" ይለዋል ግድግዳውን። "እግሬ ቢቀር በአንተ ነው።"

"እግሩን ላሳክመው ወስጄ ዓይኑን አጥፍቼ መለስኩት ብዬ ለሚስትህ የምነግራት እኔ ነኝ። ከሷ የአንተ ኩርፊያ ይሻለኛል።"

ሳያስበው ሊስቅ ይልና ያፍነዋል።

ባለሙያዋ ፊልሙን ይዛ ትመለሳለች። "ዛሬ እዚህኛው ውስጥ አይገቡም። ሐኪምዎ ጋ ደውዬ ነበር። ነገ ጠዋት ጀርባዎን ማግኔት በሌለው ማሽን እናነሳዋለን። እንደዚህኛው ባያጠራም ለጊዜው ይበቃኛል ብሏል።"

ሁለት ወር ያላልኩትን "ተመስገን" እላለሁ። ጋሼ ብልጭታ ግን አሁንም አልተሸነፈም። "እስቲ አሳዪኝ" ይላል።

ፊልሙን መስኮቱ ላይ ትለጥፈዋለች። በአንደኛው የዓይኑ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ አለች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ትነካታለች።

ጋሼ ብልጭታ አንገቱን ያሰግጋል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ከዚያ ውሸቱ ከተነቃበት ጀምሮ የጠፋው ኩራቱ ፊቱ ላይ ይመለሳል።

"ይኸው! የሌላ ሰው ነው ያመጣሽብኝ። የኔዋ ግራ ዓይኔ ላይ ነች። ይሄ ቀኝ ነው።"

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ከነጥቧ ላይ ሳታነሳ ታየዋለች።

"ግራዎቹ ጋ ገና አልደረስኩም።"