ለቦሰና የተላከው ቪዲዮ

«አሁንም አልከፍት አለ» አሉ አቶ ጸሐዩ፣ ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልካቸውን ለትግስት እየመለሱላት።

ትግስት ተቀብላ አየችው። ቪዲዮው ሚሞሪው ላይ ገብቷል፤ ስልኩ ግን ሊያጫውተው አልቻለም። ከደብረ ታቦር መጥታ ሰቆጣ ላይ ይህችን የኮምፒውተር ቤት ከከፈተች ወዲህ እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ገጥሟታል። የሚቀበለው አንድ የቆየ ፎርማት ብቻ ነው።

«ኢንተርኔት ላይ አስገብቼ ስልክዎ ወደሚያውቀው ዓይነት እለውጠዋለሁ፣ አባቴ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እታገሳለሁ። ብቻ ሳልይዘው አልመለስም።»

ከሰሃላ በእግር ነው የመጡት። ባንቺ የምትባል ልጃቸው ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ልትገባ ከወጣች በኋላ ወሬዋ ጠፋ። ጀልባው ሰጠመ ተባለና ለቅሶ ተቀመጡ። በቅርቡ ግን ሰቆጣ ወዳለ ዘመዳቸው ስልክ ራሷን ቀርጻ ላከች። አቶ ጸሐዩ መጥተው በዓይናቸው አዩ። እናቷ ቦሰና ግን እግሯ ታሟል፣ ከቤት አትወጣም። ቀበሌያቸው ኔትወርክ የለውም። ባንቺ አለች ብለው ቢነግሯት «ልታጽናኑኝ ነው» እያለች ታለቅሳለች።

ትግስት ፋይሉን መጫን ጀመረች። ግማሽ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና ጫነችው፤ እንደገና ተቋረጠ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የቆሙት ሰዎች ነገሩን ሰምተዋልና ማንም ቶሎ በይ አላላትም።

«ረጅም ስለሆነ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቆርጬ ባሳጥረው ያልፋል። ግን የምታወራው በኽምጣና ነው፣ እኔ አልሰማም። የቱ ይቅር?»

አቶ ጸሐዩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ባንቺ ስታወራ ዝም ብለው አዳመጡና ጣታቸውን አነሱ።

«እስከዚህ ያለው ይቅር። ለእኔ ነው። ‹አባቴ፣ አለሁ፣ ስላስጨነቅሁህ ይቅር በለኝ› ነው የምትለው። ከዚህ በኋላ ያለው ለእናቷ ነው። እሱን አድርጊልኝ።»

«የእርስዎ ይቅር?»

«እኔማ ሰምቼዋለሁ።»

ትግስት ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ቆረጠችው። ለእናቷ ያለችው ኔትወርኩን አለፈ፣ ተለወጠ፣ ወረደ። ስልኩን ግን ወዲያው አልሰጠቻቸውም። አንገቷን ደፍታ መሥራቷን ቀጠለች።

«ይኸው» አለች ቆይታ። «ሁለት ነው። መጀመሪያ ያለው የእናትየዋ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የእርስዎ።»

ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«የእኔንም?»

«ለየብቻ ሲሆን አለፈ።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ከዚያ የፊተኛውን ከፈቱት። ምስሉ ከጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም፣ ደብዘዝ ብሏል፤ ቢሆንም ባንቺ ናት።

«እናቷ ጆሮዋ ከበድ ይላል። ድምፁ በየት ነው የሚጨምር?»

ትግስት የሻከረ አውራ ጣታቸውን ይዛ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው። ተጫኑት። የባንቺ ድምፅ ጠባቧን ቤት ሞላት። ከተሰለፉት መካከል ወረቀቷን በደረቷ የያዘች አንዲት ሴትዮ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች፤ ባንቺ ፊቷ የቆመች ይመስል በኽምጣና ቀስ ብላ መለሰችላት።