የኤልዳድ ጭንብል

ዝማሬ ለቡ ባለው የማብሪያ ማጥፊያ ፋብሪካ ማብሪያ ማጥፊያው የሚሠራበትን ናይለን ከእሳት የሚከላከለውን ነጭ ዱቄት ትቀላቅላለች። ዱቄቱ እንዳይቦን የከረጢቱን አፍ ወደ በርሜሉ ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ትገለብጣለች። እንዲህ ያስለመዳት ባሏ ኤልዳድ ነበር። ከሞተ ወዲህ ባለመስታወት የፊት ጭንብሉ ከምስማሩ ላይ ወርዶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ ጋሽ ጉርሜሳ ዚነት የምትባል አዲስ ሠራተኛ ይዘው መጡ።

«የኤልዳድን ጭንብል ስጫት።»

«ማንም የሌላውን ጭንብል እንዳያደርግ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«አዲስ እስኪገዛ ልጅቷ ዱቄት ስትምግ ትዋል? ኤልዳድ ቢኖር ራሱ አውልቆ ይሰጣት ነበር።»

ከቀብሩ ወዲህ ክርክር ያደክማታል። ጭንብሉን አወረደችው። መስታወቱ ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ደብዝዟል። በደረቅ ጨርቅ ወልውላ ለዚነት ዘረጋችላት።

በሁለቱ ሴቶች መካከል መስታወቱ ቀስ ብሎ ደበዘዘ፤ ጠራ፤ እንደገና ደበዘዘ።

ዚነት እጇን ሰበሰበች።

«ይቅር፣ እትዬ» አለች በለሆሳስ። «ገና አላወለቀውም።»