ከፓምፑ ሥር ያለው ክፍተት

የመጥረጊያውን እጀታ አንዱን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በሆዴ ተኝቻለሁ። የሞተር ክፍሉ አለቃ ዱጋልድ የሻይ ኩባያውን ይዞ ከላዬ ቆሟል።

«እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ፣ ቶርኪል?»

«ዝም በል።»

«ሚስትህንም እንዲህ ነው የምታዳምጣት?»

«እሷ ካንተ ያነሰ ነው የምታወራው።»

ትናንት በዚህ በስኮትላንድ ወሽመጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። ውኃው ውስጥ የተዘረጉት ማዳመጫዎች መርከባችን ላይ እምም የሚል፣ የማያቋርጥ ድምፅ አግኝተው ይህን ፓምፕ ከሰውታል። ፍሪጌት የምትባለው ይህች የጦር መርከብ የተሠራችው ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው፤ ድምፅ ካላት ታዳኙ ቀድሞ ይሰማታል። የመጨረሻው ፈተና ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል።

ከወደቀች ወደ መርከብ ፋብሪካችን ተመልሳ ሁለት ወር ትቆማለች። የዚህ ዓይነቶቹ መርከቦች በኩር የሆነችው ታላቅ እህቷ ደግሞ ሰሜን ባሕር ላይ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ይህች ሄዳ ካልተካቻት አትመለስም። ልጄ ኢሽቤል ያለችው እዚያ ላይ ነው። ሠርጓ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ሦስተኛው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

«ሙሽራው በመጠበቅ ብዛት መላጣ ሆነ አሉ» ይላል ዱጋልድ፣ የማስበውን እንደሰማ ሁሉ።

«ድሮም መላጣ ነው።»

የመርከቧ ዋና መሐንዲስ ኮማንደር ሬይ በመሰላሉ ይወርዳሉ። የማይቸኩሉ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ግን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ያያሉ።

«ቶርኪል፣ የፓምፑ አሠራር ነው ችግሩ ብዬ ልጽፍ ነው። የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ማታ ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ለሚቀጥሉት አምስት መርከቦችም ሌላ ፓምፕ ይታዘዝ።»

«ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ኮማንደር።»

«መሣሪያው እንደሱ አይልም።»

«መሣሪያው ድምፁ ከየት እንደተነሣ ይነግርዎታል። በየት በኩል ሾልኮ እንደወጣ አይነግርዎትም። አንድ አፍታ ይስጡኝ።»

ይሰጡኛል። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከብረት ሥር ተኝቼ ነው የተማርኩት። በኩሯ ስትሠራ የሚንቀጠቀጠው ሁሉ ጎማ ላይ እንዲቀመጥ የተደረገው ለዚህ ነበር፤ ብረት ብረትን ካልነካው ወሬ አይወጣም። ፓምፕ ከላይ የፈለገውን ይጩህ፣ ከጎማው ሥር ያለው ወለል ግን መስማት የለበትም።

የእጀታውን ጫፍ አንሥቼ ከጎማው በታች፣ ወለሉ ላይ አሳርፈዋለሁ። ከማዳመጤ በፊት ሁልጊዜ በልቤ ሁለት ቃል እላለሁ፤ ጆሮውን የሰጠኝ ያውቃቸዋል።

እምም።

ዝም ማለት የነበረበት ወለል ከፓምፑ ጋር አብሮ ያዜማል።

«ባትሪ አብሩልኝ» እላለሁ።

ብርሃኑ ከፓምፑ ሥር ይገባል። ጎማ ጥቁር ነው። ይሄኛው ግራጫ ነው፤ ያምራል፣ ያብረቀርቃል። በላይኛውና በታችኛው ብረት መካከል ትንሿ ጣቴ የምታልፍበት ክፍተት መኖር ነበረበት። ጣቴን እልካታለሁ፤ አታልፍም። ቀለም ሞልቶት እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ዱጋልድ፣ አድሚራሉ የጎበኙን መቼ ነበር?»

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። እንዲህ የጸዳ ሞተር ክፍል አላየሁም ነው ያሉት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ማን ነው የቀባው?»

ቀና ስል የዱጋልድ ኩባያ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። እዚህ አገር መርከበኛ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ብሩሽ ያነሣል፤ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ይቀባል። ጎማው አጠገብ ያለውን ብረት በጥፍሬ እፍቃለሁ። ከግራጫው ሥር ቀይ ፊደላት ብቅ ይላሉ፦ አይቀባም።

ዱጋልድ ጎንበስ ብሎ ያነባል። ከዚያ ሻዩን ወለሉ ላይ ያስቀምጣል።

«ሦስት ጊዜ ደራርቤ ነው» ይላል ቀስ ብሎ። «በገዛ እጄ። እነዚያ ልጆች ያበላሹታል ብዬ።»

ኮማንደሯን አያያቸውም። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው መሰላሉ ላይ ይሰቅላሉ፤ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።

«ስንት ቢላዋ አለን?» ይላሉ።

የፓምፑ ጎማዎች አራት ናቸው፣ እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም በሆዳችን ተኝተን እንፍቃለን። ለመጨረሻዎቹ ቅሪቶች ቢላዋ አልገባ ስላለ በካቻቢቴ፣ እሱም እንቢ ሲል በጥፍር። ዱጋልድ የራሱን ጨርሶ ሳይነገረው ወደ አራተኛው ይሳባል። አንድ ቀልድ እንኳ አይወጣውም፤ ይህን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የናፈቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አራት ሰዓት ሲል ትንሿ ጣቴ በአራቱም ሥር ታልፋለች።

መርከቧ ትንቀሳቀሳለች። እጀታውን ወለሉ ላይ ተክዬ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ውኃ ይሰማኛል፣ ከሩቅ፣ የመርከቧን ጎን ሲያሻሽ። ሌላ የለም።

ወሽመጡ ዳር ባለችው ጎጆ ውስጥ የውኃ ውስጥ ማዳመጫዎቹን የምትከታተለው ሴት በሬዲዮ ትናገራለች።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው። ፓምፑን አጥፍታችሁ ነው የምታልፉት።»

ኮማንደር ሬይ የፓምፑን መለኪያ ያያሉ፤ እጃቸውን ፓምፑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ይንቀጠቀጣል።

«በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው» ይላሉ።

«እንግዲያው እኔ የሰማሁት የለም። መንገዳችሁን ሂዱ።»

ዱጋልድ አዲስ ሻይ ቀድቶ ያመጣልኛል። ኩባያውን ስቀበለው የአሥሩም ጥፍሮቼ ሥር ግራጫ ነው። እሱም ያያቸዋል።

«በሳሙና ሞክረው» ይላል።

«እስከ ሠርጉ ይለቃል?»

ጥፍሬን ወደ መብራቱ አዙሮ ይመረምራል፣ እንደ ባለሙያ።

«አይለቅም» ይላል። «በደንብ ነው የቀባሁት።»