አባትየው አይሞትም

ድራማው በሳምንት አንድ ቀን ይታያል። የቸኮለ ሰው አንዱን ክፍል አይቶ አራቱን ቢዘል ምንም አያመልጠውም። በሰባተኛው ክፍል እናትየዋ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ በስምንተኛው ጨረሰች። ደራሲው ሽንኩርትን የሚያከብር ሰው ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ለተቺዎቹ። ሽጉጥ፣ ጠለፋ፣ የጠፋ መንታ ወንድም የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። አባት፣ እናት፣ ወጥ ቤት፣ ሻይ፤ በቃ። «እኔ ያላየሁትን አልጽፍም» ሲል ደግሞ አገጩን ቀና ያደርጋል።

አንድ ቀን ጠዋት አዘጋጁ ቢሮው አስጠራው። ደራሲው ሱሪውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። የአዘጋጁ ፊት የምርመራ ውጤት የያዘ ሐኪም ፊት ነበር።

«ተመልካች የጻፈውን ላንብብልህ» አለና ስልኩን ከፈተ። «‹ድራማችሁን ከፍቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ እናትየዋ እዚያው ሻይ እያማሰለች ናት። እግዜር ይስጣችሁ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ከመግዛት አዳናችሁኝ።›»

ደራሲው ምስጋና መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ለመሆኑ ባለቤትህ ምን ትላለች?»

«አታየውም። ‹ቀኑን ሙሉ ያየሁትን ማታ ደግሞ ልየው?› ትላለች።»

«እሷንም አሰልችቷታል ማለት ነው። ሌላዋ ተመልካች ደግሞ ‹የእኛን ቤት አስታውሶኝ አለቀስኩ› ብላለች።»

«ይኸው» አለ ደራሲው።

«ቆይ። ከሁለቱም የበዙት እነዚህ ናቸው።» አዘጋጁ በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ሴትዮዋ ባሏን እየመረዘችው ነው።›»

ደራሲው ሳቀ። አዘጋጁ አልሳቀም።

«‹ሻይ ስትቀዳ ሁልጊዜ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ከላይኛው መደርደሪያ ሰማያዊውን ጣሳ ታወርዳለች። ከእሱ ለባሏ እንጂ ለራሷ አትጨምርም። ሻዩን ከማቅረቧ በፊት ማንኪያውን ታጥበዋለች። አባትየውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሱሪው እየሰፋው ነው።› እንዲህ የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ተማክረው የጻፉት ይመስላል።»

«ማንኪያ የምታጥበው ንጹሕ ሴት ስለሆነች ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ቅመም ነው፤ ለሆድ ጥሩ ነው።»

«ማን አለ?»

«እሷ።»

አዘጋጁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ስማኝ ወንድሜ። ጣቢያው ድራማህን ሊዘጋው ነበር፤ እስካሁን ያቆዩት እነዚህ መርዝ የሚሸታቸው ሰዎች ናቸው። ወይ በሚቀጥለው ክፍል አባትየው ይሞታል፣ ወይ ድራማው ይሞታል። ምረጥ።»

ደራሲው እያጉረመረመ ከቢሮው ወጣ። እሱ ያልጻፈው መርዝ ድራማው ውስጥ ከገባ ያስገባው ሰው አለ ማለት ነው። እናትየዋን የምትጫወተውን ተዋናይት መዋቢያ ክፍል አገኛት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እየጨመርሽበት ነው?»

«ጋሼ፣ ምን እጨምራለሁ? ጽሑፍዎ ጀርባሽን ስጪው ይላል፣ ሰጠሁት። ማንኪያውን እጠቢ ይላል፣ አጠብኩ።» በመስተዋቱ ውስጥ አየችው። «እውነቱን ልንገርዎት? እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይቀዘቅዛል። ሴትዮዋ ምን እንደምታስብ አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምንም አታስብም። ሻይ ነው የምትቀዳው።»

«እንዲያ ዝም ብላ የምታማስል ሴት?»

ደራሲው ነገሩ ገባው። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ዝና ያምራታል፤ አዘጋጁ ደግሞ ሬሳ ያምረዋል። ተዶልቶበታል። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብሎ ሰላም የሚለው መሰለው።

የበሩ ዘበኛ ሳይቀር አስቆመው። «ጋሼ፣ አባትየውን ያድኑት እንጂ። ግን ሰውየው ምን ቢያደርጋት ነው?»

ደራሲው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከበሩ ተመልሶ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ገባ።

«አባትየው አይሞትም» አለ እንደቆመ። «በሚቀጥለው ክፍል ሻዩን ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ አተላው ይጠጣል። ምንም አይሆንም። ያኔ ያፍራሉ።»

«አንድ ክፍል ሰጥቼሃለሁ» አለ አዘጋጁ። «ቢያንስ ያስለው።»

መሸት ሲል ቤቱ ገባ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለቴ አረፈ፤ የጣቢያ ጣጣ ጉልበት ይጨርሳል። ሱሪውን ሳብ አድርጎ ሁልጊዜ የሚጽፍበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ የተከፈተውን የወጥ ቤት በር ፊት ለፊት ያያል። የዋለበትን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት፤ እሷም ሳታቋርጠው ሰማች።

«መጨረሻው ምን ሆነ ታዲያ?» አለች።

«አባትየው አይሞትም፣ አልኩ። ቁርጤን ነገርኳቸው።»

«ደግ አደረግህ። በል አረፍ በል፣ ሻይህን ላምጣልህ።»

ደራሲው ወረቀቱን አስተካክሎ ብዕሩን አነሳ፤ እንደ ልማዱም ዓይኑን ወደ ወጥ ቤቱ ጣለ።

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሰማያዊውን ጣሳ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደች፤ ሻዩን ከማምጣቷ በፊት ማንኪያውን አጠበችው።